የሻምበሉ ሚስት ባል

ጸጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬ ሥራ ላይ ሆኖ ወሬ ይወዳል። ምላጭ ይዞ አንገት ሥር የሚያወራን ሰው ደግሞ ማንም አያቋርጠውም። ስለዚህ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውን ከሱ፣ የቀረውን ደግሞ እሱ ውኃ ሊቀዳ ጓሮ ሲወጣ ከሚስቱ።

ጸጉር ቤቱ ከወታደሮች ጡረታ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። አንድ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር አለው፤ አንደኛው መዞር ካቆመ ቆይቷል። በጡረታ ቀን ቢሮው ሳይከፈት ጀምሮ ሽማግሌዎች ይሰለፋሉ። ወረፋው አልሄድ ሲላቸው ተራ እያስያዙ ወደሱ ይሻገራሉ። ያቺን አበል ለመቀበል ተላጭተው፣ ጫማቸውን ጠርገው ነው የሚቀርቡት፤ አዛዥ ፊት የሚቆሙ ይመስል። የሱም ገበያ ያን ቀን ነው።

ራሱ ግን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ጎረምሳ ሳለ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ለምልመላ ቢሄድ "አንተ እንኳ ወደ ቤትህ ግባ" ብለው መለሱት። ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነው፤ ግን ሳያወራው የዋለበት ቀን የለም።

ሚስት ሳያገባ ነው ዕድሜው የገፋው። መጀመሪያ እናቱን አስታመመ። ከዚያ ታናሽ እህቱን ዳረ። ሁለቱንም ጨርሶ ቀና ሲል ጓደኞቹ አያት ሆነዋል። እህቱ በመጣች ቁጥር "አንተ ሰውዬ፣ ከመስታወት ጋር ልታረጅ ነው?" ትለዋለች። እሱም "መስታወት አይጨቀጭቅም" ብሎ ይመልስላታል።

ኋላ ሚስቱ የሆነችው ሴትዮ ጸጉር ቤቱ የገባችው ዶፍ በወረደበት አንድ የጡረታ ቀን ነው። ትልቅ የወታደር ካፖርት ደርባለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።

"ዝናቡ እስኪያባራ ልጠለል?" አለች።

"ይግቡ። እዚያኛው ላይ እንዳይቀመጡ፣ አያስተማምንም። እዚህ ይሁኑ።"

"ደንበኛ ቢመጣብዎትስ?"

"ቆሞ ይጠብቃላ። በዚህ ዝናብ የት ይሄዳል?"

ተቀመጠች። ግን እጇን አጣምራ መቀመጥ የምትችል ሰው አይደለችም። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ እጥበት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። መደርደሪያው ላይ ተጠቅልለው የተጣሉትን ፎጣዎች አየቻቸው። ትንሽ ታገሠች። ከዚያ ተነሥታ ታጥፋቸው ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ ፎጣዎቹ ጥግና ጥጋቸው ተገጣጥሞ፣ በቢላ የተከረከሙ መስለው ተደርድረዋል። እሱ ለብዙ ቀን አልነካቸውም፤ ደንበኞቹን ከቤቱ ባመጣው በራሱ ፎጣ ነበር የሚያብሳቸው።

በሚቀጥለው ወር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መጣች።

"ዛሬስ ከምን ልትጠለዪ ነው?" አላት።

"ከወረፋው" አለችው። "እርስዎ" መባባሉ የቀረው በዚያ ቀን ነው።

ባሏ ሻምበል ነበር። ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። ለሟች ሚስት የሚከፈለው የተተኪ አበል በየወሩ ይደርሳታል። ጸጉር አስተካካዩ ከብዙ ወራት ማመንታት በኋላ "አብረን ብንኖርስ?" ሲላት እጇን ከፎጣው ላይ ሳታነሳ መለሰችለት።

"አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። መፈራረም አልችልም። ባል የሞተባት ሴት ሌላ ካገባች አበሉ ይቆረጣል። ሕጉ ነው።"

"እኔ አንቺን ማኖር ያቅተኛል?"

"አያቅትህም። አበሌን ግን አልተውም።"

እሺ አለ። በዚያን ሰዓት ምላጭህን ወርውር ብትለውም እሺ ይል ነበር። እሷም አንድ ሻንጣዋንና ያን ካፖርት ይዛ ገባች።

ጥሩ ኖሩ። ቤቱ በአንድ ጊዜ መልክ ያዘ። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የሱ ካልሲ ሳይቀር ታጥፎ ተደረደረ። ማታ ማታ ሆስፒታል የዋለችበትን ታጫውተዋለች፤ እሱ ደግሞ በቀን የሰማውን ሐሜት ያመጣላታል። ነገር የሚበላሸው የጡረታ ቀን ሲመጣ ነው።

የጡረታ ቀን ሚስቱ ማልዳ ትነሳለች። ትታጠባለች፣ ጸጉሯን በደንብ ታበጥራለች፣ ለክት ያስቀመጠችውን ጫማ ታደርጋለች። ከዚያ በዚህ ሁሉ ላይ የሻምበሉን ካፖርት ትደርባለች። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ይከተላታል።

"ሰርጉ የት ነው?" ይላታል።

"ቢሮ ነዋ" ትለዋለች፣ ቀልድ መስሏት።

ከዚያ በጸጉር ቤቱ መስኮት ያያታል። ወረፋው ላይ ስትደርስ ሽማግሌ ወታደሮች ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ። "የሻምበል ባለቤት፣ እዚህ ይሁኑ" ሲሉ አፋቸው ብቻ ሳይሆን ወገባቸውም ይናገራል። እሷም ፈገግ ብላ ትቀመጣለች። ያ ፈገግታ በመስታወት ውስጥ ሲንጸባረቅ የደንበኛው ጆሮ ምላጭ ሥር መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ያፈጥበታል።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራት "የሻምበሉ ሚስት" እያለ ነበር። ሰው ደግሞ ነገር ማሳጠር ይወዳል። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተራ ሲጠብቅ አንዷ ለሌላዋ ስታሳየው በጆሮው ሰማ፦ "ያውልሽ፣ የሻምበሉ ሚስት ባል።" ዳቦውን ሳይቀበል ወጣ።

"በገዛ ቤቴ ሁለተኛ ሰው ሆንኩ" ነው የሚለኝ። "ያውም ከሞተ ሰው ቀጥሎ።"

ነገሩን ያባባሰው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ የሚሉት በጦሩ ውስጥ የመገናኛ ሠራተኛ የነበረ ጡረተኛ ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ስሙ የበለጠ ጸናለት። ከሻምበሉ ሥር አገልግሏል። አረፋው ከንፈሩ ጫፍ ደርሶ እንኳ ማውራቱን አያቆምም።

"ሻምበል ማለት" ይላል፣ "ቁመናው ብቻውን ይዋጋ ነበር።"

ጸጉር አስተካካዩ አለመስማት ይችል ነበር። ግን እየላጨ ይጠይቃል።

"ቁመቱ ምን ያህል ነበር?"

"ይህን በር አጎንብሶ ነው የሚገባው።"

"ድምፁስ?"

"ሜዳው ጫፍ ሆኖ ሲጠራን ወዲያ ማዶ ያሉ ፈረሶች ይበረግጉ ነበር።"

"ሰው ይወደው ነበር?"

"እንደ እሱ ማን ተወዶ።"

ሬዲዮ ከሄደ በኋላ በሩ ሥር ሄዶ ቆመ። የሚያነክሰውን እግሩን አቃንቶ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ለካ። በአናቱና በጉበኑ መካከል ፎጣ ማስጣት ይቻላል።

ቤት ሲገባ ደግሞ እሷን ይመረምራል። "ሻምበሉ ይዘፍን ነበር እንዴ?" ይላታል፣ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ቆይተው።

"አልፎ አልፎ።"

"ምን ምን ነበር የሚዘፍነው?"

"እኔ እንጃ። ረሳሁት።"

"ረሳሁት" ስትለው እሱ የሚሰማው "አልነግርህም" የሚል ነው። መልሷ ባጠረ ቁጥር ከጀርባው የተደበቀው ነገር ይረዝምበታል። ዝርዝር ብትነግረው ኖሮ ደግሞ እሱም አንድ በሽታ ነበር።

ብርዱ ሲጠና ካፖርት ገዛላት። ቡናማ ሱፍ ነው፣ በልኳ፣ ኪሱ ውስጥ ገበር ያለው። በጣም ደስ አላት። ለሥራ ለበሰችው፣ ለገበያ ለበሰችው፣ እህቱ ቤት ለብሳው ሄዳ ዞር ዞር እያለች አሳየች። የጡረታ ቀን ደረሰና የሻምበሉን አነሳች።

"ይኼኛው አይሞቅም እንዴ?" አላት።

"ይሞቃል እንጂ።"

"ታዲያ?"

"እዚያ ስሄድ ያኛው ይሻለኛል።"

ከዚህ አልፎ አልጠየቀም። መልሱን ፈርቶት ነው።

አንድ ጊዜ ግን ፊት ለፊት ተናገረ። "ያን አበል ተዪው። ከኔ እጅ ብቻ ብዪ" አላት። እሷ ሳህን እያጠበች ነበር። ሳትዞር "አልተውም። የሠራሁበት ነው" አለች። እሱ የገባው ሌላ ነው። የወደድኩበት ነው ያለችው መሰለው። ለሁለት ቀን አኮረፈ፤ እሷ ምን እንዳስኮረፈው ሳታውቅ ኩርፊያው በራሱ ጊዜ አለፈ።

እንዲህ እያለ ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ ሳሉ ሬዲዮ ሊላጭ መጥቶ የራሱን ቤት ወሬ አመጣ።

"እህቴ ልታገባ ነው" አለ።

"የትኛዋ? ባሏ ወታደር የነበረው?"

"እሷው ናት። ስድሳ ልትደፍን ምን ቀራት፣ አሁን ተኳኩላ መሄዷ ነው።"

"አበሏ ተቆረጠ በላ።"

"ማን ይቆርጠዋል? ሃምሳ አምስት ካለፋት በኋላ ያገባች አይቆረጥባትም። ድሮም ያለ ሕግ ነው እኮ፣ ሰው አያውቀውም እንጂ።"

ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ ሃምሳ ስድስተኛ ዓመቷን ካለፈች ከርማለች። ሬዲዮን ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ትቶት አስፋልቱን ተሻገረ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ወጣት፣ ለሰው የምትራራ ልጅ ናት። "እውነት ነው አባባ" አለችው። "ባል የሞተባቸው ሴቶች ወጣት ሆነው ካገቡ ነው የሚቋረጠው። ከሃምሳ አምስት በኋላ ከሆነ ይቀጥላል። የጋብቻ ወረቀቱን ማምጣት ብቻ ነው።"

ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። "ባለቤቴ ስትሰማ ምን ልትሆን ነው" አለና ማን እንደሆነች ነገራት።

"የሻምበል ባለቤት? እሳቸውማ ያውቃሉ። አምና መጥተው ሲጠይቁ እኔው ነኝ ያስረዳኋቸው።"

እዚያው ቆመ። ከኋላው ያለው ሽማግሌ "ካለቀልህ ዞር በል እንጂ" እስኪለው ድረስ ቆመ።

ሲመለስ ሬዲዮ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። "ምነው ጥለኸኝ ሄድክ? ደረቀብኝ እኮ።"  ላጨው፤ ጆሮ ግንዱ ሥር ቆረጠው፤ ይቅርታም አልጠየቀው።

ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። ነገሩን በሆዱ ያዘው፤ በሆዱም አደገ። አምና ካወቀች፣ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝታ ዝም ብላለች ማለት ነው። የገንዘቡ ነገር ሰበብ ኖሯል። ላለመፈረሟ ምክንያቱ እሱ ሻምበሉ ነው። ሞቶም ቦታውን አልለቀቀም። አጠገቧ እየበላ፣ አጠገቧ እየጠጣ፣ በልቡ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ይጣላል። ሰውዬው ደግሞ ሞቷልና አይመልስለትም። "ከሕያው ጋር ቢሆን" ይለኛል፣ "ቢያንስ እሰድበው ነበር።"

እሷ መለወጡን አይታለች። "አሞሃል እንዴ?" ትለዋለች። "ደህና ነኝ።" "እግርህ ነው?" "እግሬን ተዪኝ።" እግሩን ስታነሳበት ደግሞ የባሰ ሆድ ባሰው፤ ሻምበሉ እግሩ ሙሉ ነበራ።

ቀጥሎ ያደረገውን የነገረኝ ምላጩን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ሚስቱ ሥራ በሄደችበት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የሻምበሉን ካፖርት አወጣ። ሊያቃጥለው አስቦ ነበር፤ አልጨከነም። ጠቅልሎ ጸጉር ቤቱ ወሰደና ሬዲዮ ሲመጣ "ብርድ ነው፣ ልበሰው" ብሎ ሰጠው። ሬዲዮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "የጦሩ ካፖርት እኮ ነው" እያለ በመስታወቱ ፊት ተንጎራደደ፤ የጦር ካፖርት ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና የማን እንደነበረ አልጠረጠረም።

የጡረታ ቀን ደረሰ። ሚስቱ ቁም ሣጥኑን ፈተሸች፣ አልጋ ሥር አየች።

"ካፖርቱን አይተሃል?"

"እኔ የት አየሁት።"

ጥቂት አየችው። ከዚያ ቡናማውን ለብሳ ወጣች። መስኮቱ ላይ ተጣብቆ ተከተላት። ወረፋው ዘንድ ደረሰች። ሬዲዮ፣ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ በደስታ እየተሽቆጠቆጠ "የሻምበል ባለቤት!" ብሎ ተቀበላት። የክርኑን እራፊ ራሷ ናት የሰፋችው። በእጇ ዳሰሰችው። አንድ ነገር ጠየቀችው። ሬዲዮ ወደ ጸጉር ቤቱ ጠቆመ።

አስፋልቱን ስትሻገር ግራ ቀኝ አላየችም። ገብታ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ወንበሩ ይዞራል፤ ወደሱ አዞረችው።

"ምን አደረገህ?" አለች።

"ማን?"

"ሰውዬው። ሞቶ የተቀበረው ሰውዬ ምን አደረገህ?"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገነፈለ። የዳቦ ቤቱን፣ የወረፋውን ፈገግታ፣ በሩን፣ ዘፈኑን፣ በመጨረሻ ቢሮ የሰማውን ነገራት። "አምና አውቀሻል። ዓመት ሙሉ አላወራሽኝም። ሰበቡ ብሩ ከነበረ ብሩ አይቀርብሽም። እሱን መተው ስላልቻልሽ ነው በዪኝና እረፍት ላግኝ።"

እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ሻምበሉ ከመፈራረማችን በፊት እንዴት ያለ ሰው መሰለህ። ውኃ ሲጠማው እንኳ 'ካላስቸገርኩሽ' ይላል። ፈርመን ከመዝገብ ቤት እንደወጣን 'ሻንጣውን ያዢ' አለኝ። በቃ። ከዚያ ወዲያ 'ካላስቸገርኩሽ' የምትለዋን ቃል አልሰማኋትም። መትቶኝ አያውቅም፤ ክፉ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ሚስቱ አልነበርኩም፣ ወታደሩ ነበርኩ። ተነሺ ሲል እነሳለሁ። ከካምፕ ካምፕ ሲዛወር ዕቃ ጠቅልዬ እከተላለሁ። ሥራ ልያዝ ብዬ ብለምነው 'የሻምበል ሚስት የሰው ልብስ አታጥብም' አለኝ። ሆስፒታሉ የገባሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አበሉ የሱ ስጦታ ይመስልሃል? የኔ ደመወዝ ነው። ሠርቼበታለሁ አልኩህ፣ አልሰማኸኝም።"

"ካፖርቱስ?"

"ካፖርቱን ሲያዩ መቀመጫ ይለቁልኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ እዚያም ልቁምልህ?"

ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብሎ አላሰበም። 

"አምና ስታውቂ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"ምን ፈራሽ?"

"አንተን። አሁን ውኃ ሲጠማህ ራስህ ትቀዳለህ። ከፈረምን በኋላስ?"

ከሻምበሉ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ስላስቀመጠችው ሊቆጣ ፈለገ። ግን ደግሞ አምኖ ሊቆጣ አልቻለም፤ የሰው ካፖርት ሰርቆ የሰጠ ሰው እሱ ነው። ምላጩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "አሁንም እኮ እቀናለሁ" አላት ዝግ ብሎ።

"ይህን ሁሉ ከነገርኩህ በኋላ? በምኑ?"

"በሃያ ዓመትሽ ምን እንደምትመስዪ አይቷል። ጥርስሽ ሙሉ ሆኖ ስትስቂ አይቷል። እኔ ያን የት አገኘዋለሁ?"

ሳቀች። ጎን ላይ የጎደለው ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። "እሱ ፊት ብዙም አልስቅም ነበር" አለችው። ያ ንግግር ለብዙ ጊዜ ስንቅ ሆነለት።

ሬዲዮ የካፖርቱን ነገር ሲሰማ አፍሮ ሊመልሰው መጣ። እሷ "ልበሰው፤ የወታደር ነው፣ ለወታደር ደረሰ" ብላ መለሰችው። ካፖርት ባይኖርም ወንበር ማስለቀቁ አልቀረም፤ ሬዲዮ ራሱ ይለቅላታል።

ጸጉር አስተካካዩ ስለ መፈረም ደግሞ አላነሳባትም። ቅናቱ ግን በሌላ በር ገባ። ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እየላጨ ሳለ አንድ ነገር ታየው። ሻምበሉ ሞቶም ሚስቱን ያበላል። እሱ ቢሞት ምን ይተውላታል? በወረቀት ምኗም አይደለም። ጸጉር ቤቱ ለእህቱ ይሆናል፤ ሚስቱ ፎጣዋን ይዛ ትወጣለች። ያኔ ሻምበሉ እንደገና ብቻውን ባል ሊሆን ነው። ይህ ከቁመቱም ከድምፁም ይልቅ አንገበገበው።

ማዘጋጃ ቤት ሄደ። የንግድ ፈቃዱን በሁለት ሰው ስም እንዲያደርጉለት ጠየቀ። ጸሐፊው "ሴትዮዋ ምንህ ናት?" አለው። ሚስቴ ናት እንዳይል ወረቀት የለውም። እህቴ እንዳይል ውሸት ነው።

"ሸሪኬ ናት" አለ።

"ምን ዓይነት ሥራ ትሠራለች?"

"ፎጣ ታጥፋለች።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና ጻፈ። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ሰጣት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ። "ሸሪክ" የሚለውን በጣቷ ነካችው። "ምን አነሳሳህ?" ስትለው "ብሞትስ ብዬ ነው" አለ። የሻምበሉን ነገር አልጠቀሰም፤ እሷ ግን ገባት። ለእህቱ ቀድሞ ነግሯት ስለነበር እሷም አልተቀየመችም። "ሚስቱን ሸሪክ ያደረገ አንተን ብቻ አየሁ" ብላ ሳቀችበት።

ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ሚስቱ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች "ነገ ሥራ አልገባም" አለች።

"ምነው፣ አመመሽ?"

"መዝገብ ቤት እንሂድ።"

እህቱና ሬዲዮ ምስክር ሆኑ። መዝጋቢው ከዚህ በፊት አግብተው እንደሆነ ሁለቱንም ጠየቀ። እሷ "አዎ" አለች፣ እሱ "አይ" አለ። በዚያች ደቂቃም ትንሽ ጠዘጠዘው። ሲወጡ ግን ቦርሳዋን ቀምቶ ያዘላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ውኃ ራሱ እየቀዳ እንኳ "ካላስቸገርኩሽ ዞር በይልኝ" ይላት ስለነበር፣ በመጨረሻ "በቃህ፣ አታድክመኝ" አለችው።

አዲሱን የጋብቻ ወረቀት ቢሮ ስታስገባ ፋይሉ ይጣራል ተብሎ አበሉ ለጊዜው ተያዘ። ሚስቱ ሰላም አጣች። ሠራተኛዋ "ይለቀቃል እናቴ፣ አሠራር ነው" ብትላትም አላመነችም፤ የገዛ እጄን ቆረጥኩ እያለች ታወጣለች ታወርዳለች። እሱ ያጽናናታል። "አይዞሽ" ይላል፣ "ይመጣል።" በልቡ ግን እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም። ዳቦው በሱ ገንዘብ ነው። ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ መብራቱም። ማዕዱ ላይ ሦስተኛ ሰው የለም። እንጀራ ሲቆርስላት እጁ ረጅም ሆኖ ይታየዋል። እሷ እየተጨነቀች እሱ በመደሰቱ አፈረ፤ አፍሮም ተደሰተ።

አበሉ ያለፈውን ጨምሮ ተለቀቀ። የምሥራቹን ሬዲዮ ነው ሮጦ ያመጣው። ጸጉር አስተካካዩ "እሰይ" አለ። ሬዲዮ እንኳ "ምነው፣ የሰው ቤት ለቅሶ የደረስክ መሰልክ" አለው።

ሚስቱ በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ የገዛችው የሱን ጫማ ነው። ጥቁር፣ የማሰሪያ፣ ለሚያነክሰው እግሩ ተረከዙን ጫማ ሰሪ ዘንድ ወስዳ ከፍ ያስደረገችለት። አመሰገናት። ካርቶኑን አልጋ ሥር አኖረው። "ለክት ይሁን" እያለ ለሳምንታት አልነካውም። በሻምበሉ ገንዘብ ቆሜ ልሂድ እንዴ እያለ በሆዱ ይብላላል። አሮጌው ጫማ ግን ሶሉ ተከፈተ፤ ዝናብ ገባበት፤ ማሳል ጀመረ። እሷ ካርቶኑን ጎተት አድርጋ ከአልጋው ሥር አወጣችው።

አንድ ጠዋት አደረገው። በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለበት። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም፤ ጫማው እግሩ ውስጥ እያለ የተሰፋ ይመስላል።

"ልክህ ነው?" አለችው።

"ትንሽ ይጠበኛል" አላት፣ እየተንጎራደደ።